ለጓሮ ቴሌስኮፕ የማይነቃነቅ ምሰሶ፦ ከአዳማ አፈር እስከ ላይኛው ብሎን

ቴሌስኮፕ ኮከቡን ሲያጎላ ንቅንቁንም አብሮ ያጎላል። በ150 ጊዜ ማጉያ ጁፒተርን እያያችሁ ነው እንበል። ምስሉን ለማጥራት ማስተካከያውን ገና ከመንካታችሁ ፕላኔቱ ይንቀጠቀጣል። ጠብቃችሁ ጠብቃችሁ ሲረጋ ደግሞ ነፋስ ይመጣል። አዳማ ላይ ነፋስ እንግዳ አይደለም። ከከተማው ወጣ ብለው ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ያለ ምክንያት እዚያ አልተተከሉም። በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102 ተርባይኖች ቆመዋል፤ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ሰማዩ ጥርት በሚልበት በበጋ ነፋሱም አብሮ ስላለ፣ ጥሩውን ሌሊት ለይቶ መጠበቅ ብዙ አያዋጣም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ባለሦስት እግሩን መቆሚያ ትቶ፣ ጓሮ ቆፍሮ፣ ከመሠረቱ የሚነሳ ቋሚ ምሰሶ ማቆም። ቴሌስኮፑን የሚሸከመውና የሚያዞረው ማውንት ምሰሶው ጫፍ ላይ ይታሰራል። ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ ጎበዝ ግንበኛ፣ አንድ ቶርኖ ቤትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃሉ። ግን የት ላይ መጠንከር እንዳለበት ካላወቃችሁ ገንዘባችሁ የሚፈሰው በማይጠቅመው ቦታ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ልበል። ቴሌስኮፓችሁ ዶብሶኒያን ከሆነ፣ ማለትም መሬት ላይ በሚቀመጥ የእንጨት ሳጥን ላይ የሚዞር ከሆነ፣ ምሰሶ አያስፈልጋችሁም። ደልደል ያለ መሬት ይበቃዋል። ምሰሶ የሚያስፈልገው ኢኳቶሪያል ማውንት ላላቸው ነው፤ በተለይ ፎቶ ለማንሳት ለሚፈልጉ። ኢኳቶሪያል ማውንት አንዱ ዘንጉ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ እንዲሆን ተደርጎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ በዚያ አንድ ዘንግ ብቻ በዝግታ እየዞረ ኮከቡን ይከተላል። በተንቀሳቃሽ መቆሚያ ይህን ዘንግ በየምሽቱ እንደ አዲስ ማስተካከል ግድ ነው። ምሰሶ ላይ ግን አንዴ በደንብ ከተስተካከለ በቃ፣ ለወራት ይቆያል። ከመጠንከሩ ባልተናነሰ ይህ ራሱ ትልቅ እፎይታ ነው።

ምን ያህል ንቅንቅ ነው የሚጎዳው?

የሰማይ ነገር የሚለካው በአርክሰከንድ ነው። አንድ ዲግሪ ለ3,600 ሲከፈል አንዱ እጅ አንድ አርክሰከንድ ይባላል። ጁፒተር በቴሌስኮፕ ስትታይ ከዳር እስከ ዳር እንደ ርቀቷ ከ30 እስከ 50 አርክሰከንድ ናት።

አሁን አንድ ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ አስቡ። ጫፉ በ5 ማይክሮን ብቻ፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሁለት መቶኛ፣ ወደ ጎን ቢያዘነብል ቴሌስኮፑ የሚያየው አቅጣጫ በአንድ አርክሰከንድ ይቀየራል። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ስለዚህ ምሰሶው በአንዲት የፀጉር ውፍረት ቢያዘነብል 14 አርክሰከንድ ያህል ስታችኋል ማለት ነው። የጁፒተር ሲሶ! በዓይን ለሚያይ ሰው ይህ ምስሉ ሲዘል ማየት ነው። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ደግሞ ነጥብ መሆን የነበረባቸው ኮከቦች ሁሉ ተጎትተው ሰረዝ ሆኑ ማለት ነው።

ስለዚህ «ምሰሶው ቴሌስኮፑን ይሸከማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቦታው አይደለም። ለመሸከምማ የመጋረጃ ቱቦም አይሰንፍም። ጥያቄው ስንት ማይክሮን ይታጠፋል፣ ተገፍቶ ሲለቀቅስ በስንት ጊዜ ይረጋል የሚለው ነው።

የንቅንቁ ምንጭ ሦስት ቦታ ነው። ከታች አፈሩ፣ መሃል ምሰሶው፣ ከላይ ማውንቱን የሚያስረው ብረት። የሦስቱም ንቅንቅ ይደመራል። አንዱ ልል ከሆነ የሌሎቹ ጥንካሬ አያድንም። ብዙ ሰው ግን ምሰሶ ሲያስብ የሚታየውን ክፍል ብቻ ነው የሚያስበው። ወፍራም ቱቦ ይገዛል፣ ያስበይዳል፣ ቀለም ያስቀባል። ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ግን ጉልበት አይደርስም፤ ከላይ ደግሞ አራት ቀጫጭን ረዣዥም ብሎኖች ቆመዋል። የሚወዛወዝ ምሰሶ ካጋጠማችሁ መሃሉን ትታችሁ መጀመሪያ ታቹንና ላዩን መርምሩ።

መሃሉን ቶሎ እንለፈው

ምሰሶው ራሱ ቀላሉ ክፍል ነው። ሁለት ሕጎችን ማወቅ ይበቃል። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ንቅንቁ 8 እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ንቅንቁ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ አጭርና ወፍራም አድርጉት። ስለ ምሰሶ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለም።

ብረት ወይስ አርማታ የሚለውም ከዚሁ ይመለሳል። ብረት በባሕርይው ከአርማታ 8 እጥፍ ያህል ግትር ነው። ቱቦ ግን ውስጡ ባዶ ነው፣ ውፍረቱም ትንሽ ነው። ባለ 6 ኢንች፣ ግድግዳው 4 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ውሰዱና 30 በ30 ሳንቲም ከሆነ የአርማታ ምሰሶ ጋር አወዳድሩት። በስሌት አርማታው ወደ 12 እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ አርማታ አይጮህም። ብረት ቱቦ ሲነኩት ይርገበገባል። ቱቦ የምትጠቀሙ ከሆነ በደረቅ አሸዋ ሙሉት። አሸዋው ጥንካሬ አይጨምርለትም፣ ርግብግቡን ግን ቶሎ ያበርደዋል። እርጥብ አሸዋ ከሆነ ዝገት ነው ትርፉ።

የእኔ ምርጫ አራት ማዕዘን አርማታ ነው። ጣውላ በየትም ይገኛል፣ አናጢው ቅርጹን በግማሽ ቀን ይሠራዋል። በተመሳሳይ ስፋት ካሬው ከክቡ 1.7 እጥፍ ይጠነክራል። ባዶ ብሎኬት ደርድሮ ምሰሶ መሥራት ግን ይቅርባችሁ። የእኛ አካባቢ ብሎኬት በብዛት ከፑሚስ፣ ማለትም ቀዳዳ ከሞላው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የሚሠራ ነው። ለግድግዳ ቀላል መሆኑ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ቀላልና ልል ነገር አንፈልግም።

አፈሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከሥሯ ያለው መሬት በብዛት የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ፑሚስና የጥንት ሐይቆች ደለል ነው። ጓሯችሁን ስትቆፍሩ ነጣ ያለ፣ ቀላል፣ በአካፋ እንደ ልብ የሚነሳ አፈር ልታገኙ ትችላላችሁ። ይህ አፈር ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል። ውሃ ሲገባው ግን ቁጭ ይላል። በሌላ ሰፈር ደግሞ ጥቁር መረሬ አፈር ታገኛላችሁ። እሱ ችግሩ ተቃራኒ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ያለውንም ነገር አብሮ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። በበጋ ጓሯችሁ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ እሱ ነው።

ነጣ ላለው አፈር የሚሆን ቀላል ፈተና አለ። ጉድጓዱን ከቆፈራችሁ በኋላ ወለሉ ላይ ሁለት ባልዲ ውሃ ድፉበትና አሳድሩት። ጠዋት ወለሉ ዝቅ ካለ ወይም በእግር ሲረገጥ ከሰመጠ፣ እርጥብ እንዳለ በደንብ ጠቅጥቁት። ከዚያ ጥቂት ጨምራችሁ ቆፍሩና ድገሙት። መረሬ ከሆነ ግን መጠቅጠቅ አይፈታውም። ቢቻል እስከሚያልቅ ድረስ መቆፈር ነው። ካላለቀ ደግሞ ከመሠረቱ ሥርና ዙሪያ ያለውን አውጥቶ በማያብጥ አፈር፣ ለምሳሌ ለመንገድ ሥራ በሚመጣው ሰሌክት ማቴሪያል፣ በየ15 ሳንቲሙ እየረገጡ መተካት። የጣራው አሸንዳ ውሃውን ወደዚያ አቅጣጫ የሚጥል ከሆነ አቅጣጫውን ቀይሩት። አፈርን ከውሃ በላይ የሚያንቀሳቅሰው ነገር የለም።

የመሠረቱ ስፋትስ? ግንበኛው ጉድጓዱን ሲያይ «ጋሼ፣ ለአንዲት ምሰሶ ይሄ ሁሉ?» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። ለክብደት ብቻ ቢሆን ሩቡም ይበቃ ነበር። የምንፈራው ግን ክብደቱን አይደለም፣ ማዘንበሉን ነው። መሠረት አፈር ላይ ሲያዘነብል የሚቃወመው ኃይል በስፋቱ ሦስተኛ ደረጃ ነው የሚያድገው። 40 ሳንቲም የነበረውን መሠረት 80 ብታደርጉት ተቃውሞው 8 እጥፍ ይሆናል።

ይህን በቁጥር ማየት ጥሩ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ባለ 8 ኢንች ኒውቶኒያን (በሌንስ ፋንታ በመስታወት የሚሠራ) ቴሌስኮፕን ከጎን ሲገፋ ኃይሉ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። በዚህ ግፊት ያ ባለ 30 ሳንቲም የአርማታ ምሰሶ ራሱ የሚታጠፈው የአርክሰከንድ ሁለት አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ልል አፈር ላይ ያለ ባለ 80 ሳንቲም መሠረት ግን አንድ አርክሰከንድ ሊጠጋ ይችላል። መሠረቱን ወደ 40 ሳንቲም ብታሳንሱት ወደ 6 ይጠጋል። ምሰሶው ያው ነው፣ ነፋሱም ያው ነው። የተለወጠው ከመሬት በታች ያለው ብቻ ነው። ነፋሱ ፍጥነቱን እጥፍ ሲያደርግ ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን አትርሱ።

ስለዚህ 80 በ80፣ ጥልቀቱም 80 ሳንቲም። በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች ከዚህም የሚጠልቁት መሬቱ በክረምት ስለሚቀዘቅዝና ስለሚያብጥ ነው። እኛ ያ ጣጣ የለብንም። የኛ ጣጣ ውሃና ልል አፈር ነው። ጎኖቹን ቀጥ አድርጋችሁ ቆፍሩ። አርማታው በቀጥታ ካልተነካው አፈር ጋር ይገናኝ። ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሮ በኋላ ጎኑን በልቅ አፈር መድፈን ከጎን የሚመጣውን ድጋፍ በነፃ መጣል ነው።

ምሰሶውን ጣራ ላይ ለማቆም የምታስቡም አላችሁ። የፎቅ ስላብ ሰው በተራመደ ቁጥር ይርገበገባል። ሌላ ምርጫ ከሌለ ከሥሩ ኮለን (ተሸካሚ ዓምድ) ያለበትን ነጥብ ፈልጉ። ስላቡ መሃል ላይ በፍጹም አታቁሙ። ጓሮ ውስጥም ቢሆን ዙሪያውን ሲሚንቶ የምታስነጥፉ ከሆነ፣ ንጣፉ ምሰሶውን እንዳይነካ 2 ወይም 3 ሳንቲም ክፍተት ተዉና በፎም ሙሉት። አለበለዚያ የእናንተው እርምጃ በንጣፉ አድርጎ ቴሌስኮፑ ዘንድ ይደርሳል። እኔ ግን ሣሩን ብትተዉት እመርጣለሁ። ሲሚንቶ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል፣ ከላዩ የሚነሳው ሙቅ አየርም ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። በዚሁ ምክንያት ምሰሶውን ራሱን ኖራ ቀቡት።

ከመሙላታችሁ በፊት፦ ቁመትና ሰሜን

ቁመቱ እንደ ቴሌስኮፑ ዓይነት ይለያያል። ኒውቶኒያን የሚታየው ከላይኛው ጫፉ ስለሆነ ምሰሶው አጠር ይበል። ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ግን የሚታየው ከኋላው ነው፣ ወደ አናት ሲዞር ዓይን የሚደረግበት ቦታ ወደ መሬት ይወርዳል። ይህ እኛ ዘንድ የበለጠ ይሰማል። አዳማ በ8.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፕላኔቶች ሁሉ ከፍታቸው ጫፍ ሲደርስ አናታችን አካባቢ ነው የሚያልፉት። ኦሪዮንም እንደዚሁ። ስለዚህ ለባለ ሌንሱ ከ1 ሜትር እስከ 1.20 ድረስ ውጡ። መቆሚያችሁ ካለ እሱን ዘርግታችሁ፣ ቴሌስኮፑን ወደ አናት አዙራችሁ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ ለኩት። ከዚያ የሚበልጥ መለኪያ የለም።

የማውንቱን ዘንግ ለማስተካከል የምናነጣጥርበት የሰሜን ኮከብ የሚታየው ከአድማሱ 8.5 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትይዙ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል። ኮከቡ ከአንድ ጡጫ በታች ነው ማለት ነው፣ ያውም በአቧራና በመብራት መሃል። ማውንታችሁ 1.40 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንና የሰሜኑ አጥር 2.50 ሜትር ቢሆን፣ ኮከቡን ለማየት ምሰሶው ከአጥሩ ከ7 ሜትር ከግማሽ ያላነሰ መራቅ አለበት። ግቢው ከፈቀደ ጥሩ። ካልፈቀደ አትጨነቁ፣ ያለ ሰሜን ኮከብም ይስተካከላል፣ እደርስበታለሁ። ደቡቡን ግን አደራ ክፍት አድርጉት። የደቡብ መስቀል እኛ ጋ ከአድማስ 20 ዲግሪ ይሻገራል። ሁለቱንም ዋልታዎች አካባቢ ያለውን ሰማይ ከአንድ ጓሮ ማየት ሰሜን ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ሕልም ነው።

እውነተኛውን ሰሜን ለማግኘት የስልክ ኮምፓስ አትመኑ። አጠገቡ ፌሮ ካለ ይሳሳታል። ቱንቢ ስቀሉና የገመዱን ጥላ ተመልከቱ። አዳማ ላይ ፀሐይ መሃል ሰማይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ ነው፣ እንደ ወቅቱ ግን ከ6 ሰዓት ከ6 እስከ 6 ሰዓት ከ37 ድረስ ወዲያ ወዲህ ይላል። በታኅሣሥ አጋማሽ 6 ሰዓት ከ22 ገደማ ነው። ያኔ ጥላው ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ ረዘም ስለሚልም ለማስመር ምቹ ነው። በአንድ ደቂቃ ብትሳሳቱ ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው የምትስቱት፤ ማውንቱ ላይ ባለው ማስተካከያ ይቃናል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግን ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በመሃል ባሉት ወራት ደግሞ ጥላው ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው፤ መስመሩ ያው ነው፣ አቅጣጫውን እንዳታምታቱ።

ፌሮና ሙሊት

ለምሰሶው አራት ባለ 14 ሚሊሜትር ፌሮ፣ በየ20 ሳንቲሙ ባለ 8 ሚሊሜትር ስታፋ። የፌሮዎቹ እግር መሠረቱ ውስጥ ወደ ውጭ ይታጠፍ። ፌሮ ምሰሶውን እንዳይሰነጠቅ ነው የሚይዘው፣ ስምጥ ሸለቆ ላይ ደግሞ መሬት ይንቀጠቀጣል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ አዳማም ተሰምቷል። ከፌሮው እስከ አርማታው ገጽ ቢያንስ 4 ሳንቲም ይኑር።

መሠረቱና አንድ ሜትር ምሰሶ አንድ ላይ 0.6 ሜትር ኩብ ይሆናሉ። ክብደቱ ከ14 ኩንታል በላይ ነው። ቅይጡ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ባለ 50 ኪሎ አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል። አሸዋው ጭቃ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ በውሃ ጠርሙስ አድርጋችሁ በጥብጡና አስቀምጡት፤ ከላዩ ወፍራም የጭቃ ሽፋን ከሠራ ይታጠብ። ሠራተኞች ለማቡካት እንዲቀላቸው ውሃ ማብዛት ይወዳሉ። ቆማችሁ ተከላከሉ። የበዛ ውሃ ሲተን የሚተወው ባዶ ቀዳዳ ነው። ለኤሌክትሪክ ገመድ ባለ 5 ሳንቲም የፒቪሲ ቱቦ ከመሙላታችሁ በፊት አስቀምጡ፣ በኋላ መብሳት አይቻልም። መሠረቱንና ምሰሶውን በአንድ ቀን ሙሉ። በፌሮ ቁራጭ እየወጋጋችሁ አየሩን አስወጡ።

ከዚያ ጆንያ አልብሱና ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ አጠጡ። የአዳማ ፀሐይና ነፋስ አርማታን ከላይ ቶሎ ያደርቁታል፣ የደረቀ አርማታ ደግሞ ጥንካሬ መጨመር ያቆማል። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። ማውንቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትጭኑ ግን ችግር የለውም።

ላይኛው ብረት

እዚህ ላይ ነው ጥሩ ምሰሶ የሚበላሸው። የተለመደው አሠራር ከአርማታው አራት ረጃጅም ብሎኖችን አውጥቶ፣ 15 ሳንቲም ከፍ አድርጎ ማውንቱ የሚታሰርበትን የብረት ሳህን በዳዶ ማንጠልጠል ነው። ሰዎች እንዲህ የሚያደርጉት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ሳህኑን በውሃ ልክ ለማስተካከል። ሁለተኛ ማውንቱ ከሥር በብሎን ስለሚታሰር እጅ የሚገባበት ቦታ ለማግኘት። ሁለቱም ሌላ መፍትሔ አላቸው።

ውሃ ልኩን በተመለከተ፣ ኢኳቶሪያል ማውንት ፍጹም ልክ መሆን አያስፈልገውም። ዋናው ነገር ዘንጉ ወደ ዋልታው ማመልከቱ ነው። ሳህኑ ትንሽ ቢያዘነብል ማስተካከሉ ትንሽ ያደክማል እንጂ ከተስተካከለ በኋላ ምንም ልዩነት የለውም። የእጅ መግቢያውን ደግሞ ማውንቱን አስቀድሞ ከሳህኑ ጋር አስሮ፣ ከዚያ ሳህኑን ምሰሶው ላይ በማስቀመጥ ትገላገሉታላችሁ። የብሎኑ ራስ የሚገባበትን ቦታ ቶርኖ ቤት ከሳህኑ ሥር ይቆፍርላችኋል።

ያ የቁመት ሕግ እዚህም ይሠራል። ከ15 ሳንቲም ወደ 3 ሳንቲም ያጠረ ብሎን በ125 እጥፍ ይጠነክራል። የሳህኑ ውፍረትም እንዲሁ ነው። 4 ሚሊሜትር ላሜራና 12 ሚሊሜትር ላሜራ ሲወዳደሩ ልዩነቱ 27 እጥፍ ነው። ስለዚህ 12 ሚሊሜትር ሳህን፣ አራት ባለ 16 ሚሊሜትር ብሎን፣ ከአርማታው እስከ ሳህኑ ከ2 እስከ 3 ሳንቲም ክፍተት። ብሎኖቹ ወደ 30 ሳንቲም ያህል አርማታው ውስጥ ይግቡ፣ ጫፋቸውም ይታጠፍ። ሙሊቱ ሲካሄድ ቦታቸውን እንዳይለቁ በተበሳ ጣውላ ያዟቸው። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ክፍተቱን ጠንከር ባለ የሲሚንቶ ሙርታ ጠቅጥቁት። ከዚያ በኋላ ብሎኑ አይታጠፍም፣ መታጠፊያ ቦታ የለውማ።

ለኛ ኬክሮስ ብቻ የሚመጣ አንድ ጣጣ አለ። ዘንጉ ወደ አድማስ ሊተኛ ስለሚቃረብ፣ ሚዛን የሚጠብቁት ክብደቶች ወደ ታች ሲዞሩ ምሰሶውን ሊመቱ ይችላሉ። ሳህኑን ወደ ሰሜኑ ጠርዝ አስጠጉት። ካልበቃ 20 ሳንቲም የምትሆን የወፍራም ቱቦ አንገት ጨምሩለት፤ አጭር ስለሆነች አትጎዳም። አንዳንድ ማውንቶች ደግሞ ከ20 ዲግሪ በታች አይወርዱም። ለእነሱ ሳህኑን ራሱን ወደ ሰሜን 11.5 ዲግሪ ማዝመም ነው። 25 ሳንቲም ርዝመት ላለው ሳህን የሰሜኑ ጠርዝ በ5 ሳንቲም ዝቅ ይላል። ማውንት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ቁጥር ሻጩን ጠይቁ።

መፈተሽና ማስተካከል

ፈተናው በጣም ደስ ይላል፣ ቀንም ይሠራል። ትንሽ ሌዘር ሳህኑ ላይ በፕላስተር አጥብቃችሁ እሰሩ። 10 ሜትር ርቆ ያለ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፉና ነጥቡ የሚያርፍበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። አንድ ሰው ምሰሶውን ከላይ በአንድ እጁ ይግፋ። ነጥቡ በአንድ ሚሊሜትር ከሄደ 20 አርክሰከንድ ገደማ ነው። አሁን ቀስ ብላችሁ ተመልከቱ። ነጥቡ ሄዶ ከተመለሰና ምልክቱ ላይ በትክክል ካረፈ፣ የሆነ ነገር ታጥፎ ነው የተመለሰው። ካልተመለሰ የላላ ዳዶ ወይም ያልተረገጠ አፈር አለ። ከዚያ ሌዘሩን ከሳህኑ አንሱና ከሥሩ አርማታው ላይ እሰሩት፣ ግፊቱንም ድገሙት። ሳህኑ ላይ ብዙ፣ አርማታው ላይ ምንም ካልሄደ ጥፋቱ ከላይ ነው። ሁለቱም እኩል ከሄዱ ግን ጥፋቱ ያለው ከመሬት በታች ነው።

ማታ ደግሞ ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥሩና ምሰሶውን በመዳፋችሁ መታ አድርጉት። ጥሩ ምሰሶ ላይ ምስሉ በአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ውስጥ ይረጋል።

የሰሜን ኮከብ ከአጥር ጀርባ ለተደበቀባቸው፣ ዘንጉን በኮከብ መንሸራተት ማስተካከል ይቻላል። መጀመሪያ አናት አካባቢ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚያልፈው መስመር ላይ ያለ ኮከብ ያዙና ሞተሩ ይከተለው። ኮከቡ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ዘንብሏል፤ ወደ ሰሜን ከሄደ ወደ ምዕራብ። ያን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ምሥራቅ ዝቅ ብሎ ያለ ኮከብ ያዙ። ወደ ደቡብ ከሄደ ዘንጉ በጣም ዝቅ ብሏል፤ ወደ ሰሜን ከሄደ ከፍ ብሏል። ሁለቱን እየቀያየራችሁ ደጋግሙ። ምሽቱን ሊፈጅባችሁ ይችላል። ካሜራና ኮምፒውተር ያለው ሰው የሰማዩን ፎቶ አንብቦ ስህተቱን የሚነግር ሶፍትዌር መጠቀም ይችላል፣ ቶሎ ያልቃል።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ አፈሩ ጠጥቶ ከረጋ በኋላ ዳዶዎቹን በቁልፍ ፈትሹና ይህንኑ የመንሸራተት ፈተና አንዴ ድገሙት። መሬት የተንቀጠቀጠ ሰሞንም እንደዚሁ።